በስልኬ ላይ የበራው አረንጓዴ

እህት ዓለሜ፣

ጤናሽን እንዳልጠይቅ፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያየሁት ፊትሽ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቶኛል፤ እንዳልተወው ደግሞ ያለ ሰላምታ ደብዳቤ መጀመር ሆዴ አልቻለም። እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ? ከልጅሽ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ እንደምታድሪ ነርሷ ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ፤ የግራ ጆሮዬ ብቻ አሁንም ይጮኻል። በጥፊ ስትመቺኝ ያ ሁሉ አስታማሚ ዞሮ አየን፤ እኔ ግን ክንድሽ ገና ብርቱ መሆኑን አይቼ ደስ አለኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

"ልጄን የገደልከው አንተና ኮምፒውተርህ ናችሁ፣ ዓይንህን አልይ" ብለሽኝ ጀርባሽን ሰጠሽኝ። አልሞተም፤ ይተነፍሳል። ያልሽውን ግን መመለስ አለብኝ። ፊትሽ ስቆም አፌ ስለሚተሳሰር ጻፍኩልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቦክስ ፌዴሬሽኑ የቦክሰኞቹን ጤና የሚመዘግብ ድረ ገጽ ነበረው፤ ከአራት ዓመት በፊት የሠራሁት እኔው ነኝ። የፌዴሬሽኑ ሐኪም ከግጥሚያ በፊት የቦክሰኛውን ቁጥር ታስገባለች፤ አረንጓዴ ከበራ ይገጥማል፣ ቀይ ከበራ ጓንቱን ያወልቃል። በዝረራ የወደቀ ሰው፣ በልምምድም ቢሆን፣ ለሠላሳ ቀን ቀይ ነው። ታዲያ ኢንተርኔት ሲጠፋ ድረ ገጹም አብሮ ይጠፋል። አዳራሹ እያፏጨ ሐኪሟ የምትሽከረከር ክብ እያየች ስንት ጊዜ ቆማለች! ስለዚህ ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ አድርግልን አሉኝ።

ድረ ገጹን እንዳለ ስልክ ላይ መለጠፍ ይቻል ነበር። ለአሮጌ በር ቀለም መቀባት ነው ብዬ ናቅሁትና ከመሠረቱ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ዝርዝሩን በሙሉ ስልኩ ራሱ ውስጥ እንዲይዝ፣ መስመር ሲያገኝ እንዲያድስ፣ ሲያጣ ደግሞ መጨረሻ ያወቀውን እንዲያሳይ አደረግሁት። ድሮ ሲጨንቀው አላውቅም ይል የነበረው ነገር፣ በእኔ እጅ አውቃለሁ ባይ ሆነ። ዝርዝሩ መቼ እንደታደሰ የምትናገር አንዲት መስመር ከሥር ነበረች። መልኩን አበላሸችብኝ ብዬ አጠፋኋት። ይቺን ያዢልኝ፤ ይቺ የእኔው ናት፣ ማንም አይጋራኝም።

ልጅሽ ድንቡሼ (ሆዱ እንደ ጣውላ ከደረቀም በኋላ ስሙን አልቀየርኩለትም) ከልምምድ ሲመለስ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር። ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው። ከግጥሚያው ሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ፣ ራሴን አመመኝ ብሎ በጊዜ ገባ። ሁለቴ አስመለሰው፤ ምሳ ነው አለኝ። ፊቱን ታጥቦ መጣና መስመር ከሌለ ስልኩ ምን ያሳያል ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሞኙ ጠያቂ ሳገኝ ልቤ ያብጣል፤ የመሞከሪያውን ስልክ ከመደርደሪያው አውርጄ በጣቴ እያሳየሁ አስረዳሁት። መልሶ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠውም እሱ ነው። ቅዳሜ የብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ ነበር። ያን ቀን ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ እንዴት እንደጠበቀው አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ።

ቅዳሜ ሐኪሟ መተግበሪያውን ገና ስልኳ ላይ አልጫነችም ነበርና ያንኑ የመሞከሪያ ስልክ ሰጠኋት። የልጅሽን ዓይን በባትሪ አየች፣ ቁጥሩን አስገባች፣ አረንጓዴ በራ፤ ስልኩን መለሰችልኝ። የፌዴሬሽኑ ሹም ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ፤ እኔም እንደ ሙሽራ አባት ተኮፈስኩ።

ተጋጣሚው በክንድ ርዝመት የሚበልጠው፣ ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብ ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ድንቡሼ ጎድኑን ቀጠቀጠው፤ ድምፁ እርጥብ ምንጣፍ በዱላ ሲመታ ያለውን ነው። በሁለተኛው ዙር የልጅሽ ቅንድብ ተሰነጠቀ። ደሙን በጓንቱ ሲጠርገው ፊቱን በሙሉ ቀባው። ሕዝቡ ጨርሰው፣ ጨርሰው ይላል። እኔም ጮኼአለሁ እህቴ፤ የሚጨርሰው እሱ መስሎኝ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼአለሁ። ከዚያ አንድ ቀኝ መጣና ከጆሮው በላይ አረፈ። ይህን ያህል ከባድ አልነበረም። ልጅሽ ግን እጆቹን አወረደ። ስሙ እንደጠፋው ሰው ዝም ብሎ ቆመ። ዳኛው ሳይደርስ ሁለት ተጨመረለት፤ መንጋጋው ዞረ፣ የጥርስ መከላከያው ከነደሙ እግሬ ሥር ወደቀ። ሲወድቅ እጁን እንኳ አላስቀደመም። ቅሉ ወለሉን ሲመታ የሰማሁትን ልጽፍልሽ አልችልም። እግሮቹ ብቻ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ሐኪሟ በገመዱ ሾልካ ገባችና እዚያው መድረኩ ላይ ተንበርክካ በራሷ ስልክ አምቡላንስ ጠራች። እኔ ለአንቺ ልደውል ስል ለካ ቪዲዮው ቀድሞኝ ደርሶሻል። ሰዉ ከአዳራሹ ውስጥ ሆኖ በቀጥታ ሲያስተላልፈው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ልጅሽ በሌላ ክለብ ልምምድ ላይ ተዘርሮ ራሱን ስቶ እንደነበር የሰማሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የዚያ ክለብ አሠልጣኝ መልበሻ ክፍል ውስጥ አገኘኝ። የዚያኑ ዕለት ማምሻውን አስመዝግቦት ኖሯል። "እኔ ቀይ ያልኩትን ልጅ አረንጓዴ አድርገህ አስቀጠቀጥከው" አለኝ። አንገትጌዬን ይዞ ከብረት ቁም ሣጥኑ ጋር አላተመኝ፤ ሁለት ጥርሴ ተነቃነቀ፣ ስወድቅ ደግሞ ጎኔን በእርግጫ አለኝ። አልተከላከልኩም። የመሞከሪያው ስልክ ከኪሴ ወጥቶ አጠገቤ ወድቆ ነበር። መሬት ላይ እንደተጋደምኩ አነሳሁትና አየሁት። ከላይ ጥጉ ላይ የበራችውን ትንሽ የአውሮፕላን ምልክት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ከአግዳሚው ወንበር ብረት ጋር እያጋጨሁ፣ መዳፌ እስኪቆረጥ ድረስ፣ እንክትክቱን አወጣሁት። ሰውዬው ያበድኩ መስሎት ተወኝ።

ለፌዴሬሽኑ፣ አዳራሹ ምድር ቤት ስለሆነ መስመር አልነበረም፣ ፕሮግራሙም የቆየ ዝርዝር እንደሚያሳይ አይናገርም፣ ጥፋቱ የሠሪው ነው ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ስልኩን አምጣ አሉኝ፤ በንዴት ሰበርኩት አልኳቸው። ሥራውን ቀሙኝ፤ ክስም አይቀርም ይላሉ። ልጅሽን የሚመለከት ነገር የለም፤ ሲድን ጓንቱን አጥልቅ አታጥልቅ የምትባባሉት አንቺና እሱ ናችሁ።

የአባባን ሬዲዮን ታስታውሻለሽ? ያኔ እኔ ስድስት ዓመቴ፣ አንቺ ዐሥርሽ ነበር። ማን ሰበረው ሲል አንቺ እኔ ነኝ አልሽ። ቀበቶው ጀርባሽ ላይ ሲያርፍ አልጋ ሥር ሆኜ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ። አባባ ሳያውቅ ሞተ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሽ ካደግን በኋላ ብጠይቅሽ፣ ትንሽ ነበርካ ብለሽ ሳህንሽን ማጠብ ቀጠልሽ።

ትናንት ዓይኑን ገልጦ ጣትሽን እንደያዘ ነርሷ ነገረችኝ። ተመስገን ነው፤ ሌላ ምን እላለሁ። አፉ ሲፈታ ግን ስለ ስልኩ እንዳትጠይቂው። ራሱ ጀምሮ ቢነግርሽም እንዳታምኚው፤ ራሱን የተመታ ልጅ ነው፣ ደግሞ የሰው ጥፋት መሸከም በዘራችን አለ። የተረፈሽ ጥፊ ካለ ለእኔ አስቀምጪልኝ። ቀኝ ጆሮዬ ደህና ነው።

ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ልጅሽን በገዛ እግሩ ደጃፍሽን አሻግሮ ያስገባልሽ፤ የምትቆርሺውን ለሦስት የምንካፈልበትን ቀን ያምጣልን።

ሬዲዮኑን የሰበረው ታናሽ ወንድምሽ