የፍሬኑ ጎማ

ሐምሌ 18

ዛሬ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ስወርድ ደባርቅ በጉም ተሸፍና ነበር። አስፋልቱ በካፊያ ርሷል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ብይዝ ሳይክሉ አልቆም አለኝ። ከፊቴ የጭነት መኪና መብራት ብቅ ሲል መሪውን ወደ ቦዩ አዞርኩት። ጭቃው አተረፈኝ፤ ጉልበቴ ግን ክፉኛ ተላጠ።

ቁስሌን ያጠበልኝ ሙሉጌታ ነው። አብረን የምንሠራ ነርሶች ነን፤ ሳይክል መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ትናንት "ጭቃውን ላጽዳልሽ" ብሎ ሳይክሌን ወስዶት ነበር።

"የፍሬኑን ጎማ በቅርቡ ነው በአዲስ ያስቀየርኩት፤ ዛሬ ሳየው ግን ያለቀ አሮጌ ነው" አልኩት።

ቀና አላለም። "የእኔ አልቆ ነበር፤ ገበያ ላይም አጣሁ" አለ። "አንቺ ደግሞ ቀስ ብለሽ ነው የምትነጂው። ለጥቂት ቀን ይሁን ብዬ በእኔው ቀየርኩት።"

"ብትነግረኝ እኮ በእግሬ እሄድ ነበር።"

"ብነግርሽ እሺ አትይኝም ብዬ ነዋ።"

ክረምቱን ሙሉ በዚያ ቁልቁለት እንደምወርድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መንገዱ ሲረጥብ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኝ እዚያው ላይ ነው።

ፋሻውን ሳያሳምመኝ አሰረልኝ። ከሥራ ስንወጣ የፍሬን ጎማዎቼን ከራሱ ሳይክል ፈትቶ መልሶ ገጠመልኝ፤ ይቅርታም ጠየቀኝ። እኔም "ግድ የለም" አልኩት።

አሁን ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው ነው። ነገ በእሱ እጅ የተገጠመ ፍሬን ይዤ ያንን ቁልቁለት መውረዴን እንጃ።