አጎቴን የገደልኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ መስከረም 5

ምነው አፌን በያዘኝ! «መቼ መጀመር ትችያለሽ?» ሲሉኝ «ነገም ቢሆን!» አልኩ። ማን አስቸኮለኝ?

ቃለ መጠይቁ እስከዚያ ድረስ ጥሩ ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ነው፤ የሚፈልጉት የመጋዘን ኃላፊ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ እሌኒ ይባላሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሥራ ልምዴን አገላበጡ፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ወደዱኝ መሰለኝ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የበፊቱ ልጅ ለመስቀል ሦስት ቀን ብሎ ሄዶ ጥቅምት ላይ ተመለሰ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አልፈልግም።» አጠገባቸው ያለው ሰውዬ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ የጉራጌዋ ልጅ!

መስከረም 13 ከአክስቴ ልጅ ከማርታና ከሰፈር ልጆች ጋር አገር ቤት እንሄዳለን። ሚኒባሱን ከነሐሴ ጀምረን በኮንትራት ይዘነዋል፤ የምንመለሰው በ25 ነው። ሥራው ደግሞ፣ ካለፍኩ፣ የሚጀምረው በ12 ነው አሉ። አንድ ቀን ሠርቼ ልጠፋ ነው እኮ! እዚያው መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ፣ በቃ። ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው ይፈራል።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

እማዬ ደወለች። ቅቤው ተነጥሯል፣ ቆጮው ደርሷል፣ የቀረው በሬው ነው፤ እሱን ወንድሟ ጋሽ ዘርጋ ይገዛሉ። አባዬ ካረፈ ነሐሴ ላይ ዓመት ሞላው። አምና መስቀል እኛ ቤት ሳይታረድ፣ ችቦ ሳይበራ አለፈ። ዘንድሮ ከሏን ታወልቃለች። «ልጄ መጥታ ካላወለቀችልኝ ጥቁሬ ይሰንብት» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። ያለኋት እኔ አንድ ነኝ። ስለ ሥራው ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ከማርታ ጋር ቁጭ ብለን መላ ፈለግን፦

– እውነቱን መናገር። (ሥራው ይሄዳል።)
– ሰኞ ገብቶ ማክሰኞ መጥፋት። (ሥራውም ስሜም ይሄዳል።)
– መቅረት። (እማዬስ?)
– ሐዘን። ይሄ የማርታ ነው።

«ሰው ሞቶብኛል ላለ ማን እምቢ ይላል?» አለችኝ ጥፍሯን እየቀባች። «ሂጂ ወዲያ፣ ሟርተኛ!» አልኳት። ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ረቡዕ፣ መስከረም 7

አለፍኩ! ወይዘሮ እሌኒ ራሳቸው ደወሉ። ኮሪደር ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት» አሉኝ። አሁን ንገሪያቸው፣ አሁን ንገሪያቸው እላለሁ ለራሴ። «ወይዘሮ እሌኒ፣ አንድ ነገር ነበር…» ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ። «ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም?» አሉ። «አጎቴ አርፎብኝ» አልኩ።

እንዲህ ነው የወጣው። አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማን ያቁመው! ለቀብሩ ስለማልደርስ ለሠልስቱ ዓርብ እነሳለሁ፣ እናቴን ላጽናና እስከ 25 እቆያለሁ አልኩ። «ውይ ልጄን! አይዞሽ፣ ሥራው ይጠብቅሻል» አሉኝ። እንደዚያ ባያዝኑልኝ ይሻለኝ ነበር።

ስልኩን ስዘጋ ነው ትዝ ያለኝ። ያለኝ አጎት ጋሽ ዘርጋ ብቻ ናቸው። ደወልኩ። አያነሱም። አምስቴ ደወልኩ። አንድ ነገር ሆነው ቢሆንስ? በአፌ ነው የገደልኳቸው ማለት ነው። አሥር ሰዓት ላይ አነሱ፤ ለካ ከብት ገበያ ነበሩ። «ምነው እንዲህ የምትደውይው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 8

ጉድ ሆንኩ!

አመሻሽ ላይ ማርታ ሻንጣ ትሞላለች፣ ሙዚቃ ከፍተናል፣ ለእማዬ የገዛሁትን ነጭ ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርግተን እናያለን። በር ተንኳኳ። የብሎካችን ዘበኛ ነው። «የሳምራዊት ለቅሶ ቤት የት ነው የሚሉ እንግዶች መጥተው…» ከኋላው ወይዘሮ እሌኒ! ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት ሠራተኞች አስከትለው፣ እሽግ ውሃ አስይዘው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በዚያ ደረጃ እያለከለኩ። አድራሻዬን ያገኙት ከማመልከቻዬ ላይ ነው።

ለቅሶ መድረስ የሚባል ነገር እንዳለ እንዴት ረሳሁ? እዚህ አገር ሰው ሞተብኝ ብሎ ብቻውን የተቀመጠ ማን አለ? ሞኝ! እኔም ማርታም ሞኞች!

ማርታ ሙዚቃውን አጠፋች። ወይዘሮ እሌኒ አቀፉኝ። «እግዜር ያጽናሽ፣ ወንድሜን የቀበርኩ ጊዜ እኔም እንዳንቺ ደንዝዤ ነበር» አሉና አለቀሱ። የእውነት እንባ። ትከሻዬ ረጠበ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ አያልቅሱ። የሞተ ሰው የለም» አልኩ።

ሁሉንም ዘረገፍኩት። መስቀሉን፣ ሚኒባሱን፣ አባዬን፣ የእማዬን ከል። ነጩን ቀሚስ አሳየኋቸው። አንደኛው ሠራተኛ ወለል ወለሉን ያያል። ወይዘሮ እሌኒ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው «በሕይወት ያለ ሰው ገደልሽ?» አሉ። ወጡ።

ውሃው በር ላይ ቀረ። ጎረቤቶች ደግሞ «ምነው ሳትነግሪን?» እያሉ መምጣት ጀምረዋል። ለእነሱም አንድ በአንድ ማስረዳት ነበረብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ስልክ የለም።

ማርታን ጮህኩባት። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አፉ የኔ ነው። ለወይዘሮ እሌኒ መልእክት ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ከሰዓት በኋላ ይሄን ላክሁ፦ «በጣም ይቅርታ። ሥራውን ለሌላ ሰው ቢሰጡት አልቀየምም። እናቴ ጋ መሄዴ ግን አይቀርም።» ሰኞ ዕለት ማለት የነበረብኝ ይሄንን ነበር፤ ያኔ አሥር ሴኮንድ አይፈጅም ነበር።

አንብበውታል። ስልኩን እያየሁ አመሸሁ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ሦስት ሰዓት ላይ ደወሉ። የሚያዩኝ ይመስል ብድግ ብዬ ቆምኩ።

«ሰኞ ትገቢያለሽ። ሐሙስ ከሥራ ስትወጪ ትሄጃለሽ። በ19 ጠዋት ሁለት ሰዓት መጋዘን ካላገኘሁሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

«እሺ እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ፈቃድ ስትፈልጊ ፈቃድ ብለሽ ጠይቂ። ዘመድ አትግደይብኝ።»

ዘጉት። እየሳቁ ይሁን እየተቆጡ አልለየሁም።

ሥራ አለኝ! ግን ከሚኒባሱ ቀረሁ፤ የመስቀል ዋዜማ ሲደርስ ደግሞ ወደ እኛ አገር መኪና ማግኘት መከራ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ለእማዬ መንገር ነበር። «የምቆየው ሁለት ቀን ነው» አልኳት። «ምነው?» ስትለኝ ከነውሸቴ፣ ከነለቅሶው ነገርኳት።

«ዘርጋን ገደልሽው?» አለች።

«አዎ።»

እርግማን ጠበቅኩ። ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ እስክታስል ድረስ። «ቆይ ልንገረው! በሬ ገዝቶ መሞቱን ልንገረው!» ትላለች። አባዬ ካረፈ ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር፤ ሳቋ እንዴት እንደነበረ ረስቼው ኖሯል። እሷ ስትስቅ እኔ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

«ሁለት ቀን ይበቃናል» አለችኝ፣ «ብቻ ነይ።»

በምን እንደምሄድ አላውቅም። እሄዳለሁ።