አባባ የሚጠብቋት ጨረቃ

ሐሙስ

አባባ ዛሬ ጠላውን ከዋንጫው ውጭ ቀዱት። «ቤቱ ጨለመ ልበል?» አሉኝ። እኩለ ቀን ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፀሐዩ እስከ መደቡ ድረስ ገብቷል። የፈሰሰውን ጠረግሁት።

ቀኝ ዓይናቸው ከፋሲካ ወዲህ አያይም። ግራውንም ሞራ እየጋረደው ነው። እስከ ገና የሚቆይ አይመስለኝም።

ከዚያ በፊት የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲሷን ጨረቃ በምትወጣበት ማታ ማየት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕረ ሐሳብ አስተምረዋል፤ በዓልና ጾም መቼ እንደሚውል የሚቆጠርበትን ትምህርት። አሁን በስተርጅና፣ ቁጥሩ ጨረቃን ዘግይቶ ነው የሚያገኛት ይላሉ። ቁጥሩ «ዛሬ ተወለደች» ሲል እሷ ሰማይ ላይ ሰንብታለች። የምትታይበትን ማታ አስቀድመው አስልተው፣ ቆመው በገዛ ዓይናቸው ሊያረጋግጡ ነው ሐሳባቸው። «ጾሙን ማንም አይነካውም፤ እኔ ማወቅ ነው የፈለግሁት» ይሉኛል። ለካህናቱ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ዓርብ

ሐጂ ኢብራሂም መጡ። ገበያው ዳር ጨውና አቡጀዲ ይሸጣሉ። ለረመዳን ብቻ አይደለም፣ በየወሩ ኮረብታ ላይ ቆመው ጨረቃን ይጠብቃሉ። ከአባባ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ነው። አንዱ በቁጥር፣ አንዱ በዓይን፣ የማን ወር ትክክል ነው እየተባባሉ ስንት ዓመት ተጨቃጨቁ።

ዛሬ ግን አብረው ሠሩ። አባባ ጽሕፈት ስለማይታያቸው ባቄላ በሰፌድ ላይ እደረድርላቸዋለሁ፤ ለየወሩ አንድ ረድፍ፣ ለየቀኑ አንድ ፍሬ። ሐጂ ጨረቃን ያዩበትን ጊዜ ከወር ወር ያስታውሳሉ። «የሰኞ ሌሊት፣ መርጌታ። ቀጥሎ ደግሞ የእሮብ ሌሊት።» እኔ በዚያ ቀን ቦታ ባቄላውን አንሥቼ ሽምብራ አስቀምጣለሁ። አባባ በጣታቸው እየዳሰሱ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

ሲጨርሱ «ረቡዕ» አሉ። የድሮው ቁጥር ዓርብ ነው የሚለው። ሐጂም «ኢንሻአላህ፣ የእሮብ ሌሊት» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ቀን ሲስማሙ አይቼ አላውቅም። ደስ አለኝ። ሰፌዱን ዶሮዎቹ የማይደርሱበት ቦታ ከፍ አድርጌ አስቀመጥሁት።

ቅዳሜ

አልወደውም። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ።

ሪናልዶ ይባላል። ምሽጉ ውስጥ ቴሌግራፍ የሚመታው ጣሊያን ነው። ሻማ ሊገዛ ሐጂ ሱቅ ሲመላለስ፣ አገሩ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ጣራ ላይ ወጥቶ ከዋክብት ይመለከት እንደነበር አወራላቸው። ሐጂ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ካገኙ አያስችላቸውም፤ ይዘውት ከች አሉ። የሩቅ ማያ መነጽር አለው። ጨረቃና ፀሐይ የሚገናኙበትን ሰዓትም በሽቦው ከሮም ጠይቆ ማምጣት እችላለሁ አለ። አማርኛው ትንሽ ነው፤ ሁሉንም ሰው «አንተ» ይላል፣ አባባን ሳይቀር።

ባሌ የት እንዳለ እዚህ አልጽፍም። ጉና ላይ ብርዱ እንዴት እንደሚያድር ግን አውቃለሁ። እና ይህ ሰውዬ ከመደባችን ላይ ተቀምጦ ቆሎዬን በላ።

አባባ ስለ ሥራው ጠየቁት። የቆሎውን ሳህን በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ አጭር፣ ረዥም፣ አጭር፣ አጭር እያለ ቀጠለ። «ይህ ጨረቃ ማለት ነው» አለ። አባባ ፊታቸው በራ። «ምልክት ነዋ! እኛም ለዜማው ምልክት አለን» ብለው እየደገሙ መቱት። ሁለቱ እየተቀባበሉ ሲመቱ ቆዩ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወጣሁ።

ስወጣ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ አጥሩ ላይ ቆማለች። ስታየኝ ምራቋን እንትፍ አለች።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ አባባን ወደ ኮረብታው ወሰድኳቸው። መንገዱን እግራቸው እንዲለምደው ነው። ገብሱ መቢጨት ጀምሯል። በየድንጋዩ ላይ ቆም እያሉ «እዚህ ጋ ይወጣል፣ እዚህ ጋ ይወርዳል» ይላሉ ለራሳቸው።

ጫፉ ላይ ተቀመጥን። ወደ ጣና በኩል ሜዳው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሏል፤ መሬቱ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ነፋሱ ዝም ብሏል። አባባ የማይታያቸውን እኔ ስነግራቸው ቆየሁ፤ በኋላ እርሳቸው ይነግሩኝ ጀመር፤ ልጅ ሳሉ ያዩትን። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን አላውቅም። እዚያው ብንቀር ባልከፋኝ ነበር።

ሰኞ

ሪናልዶ ከምሽጉ የጠየቀልን ፈቃድ ደረሰ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት። ረቡዕ ማታ ለሽማግሌውና ለልጃቸው ኮረብታ መውጣት ተፈቅዷል ይላል። ያለዚያ ከመሸ በኋላ ኮረብታ ላይ የተገኘ ሰው ለአርበኞች ምልክት ሰጠ ይባላል፤ ሐጂ ብቻ ለየወሩ ጨረቃቸው የቆየ ፈቃድ አላቸው።

ሪናልዶ ሰዓቱንም አመጣ። ጨረቃና ፀሐይ የተገናኙት ዛሬ ሊነጋ ሲል ነው። አባባ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «እንግዲያ ረቡዕ ማታ ሕፃን አትሆንም፤ ትገዝፋለች።» ሰፌዱን አስወረዱኝና እንደገና ዳሰሱት። ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ራት እምቢ አሉ።

ማክሰኞ

ስሕተቱ የእኔ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ክር ልገዛ ሐጂ ዘንድ ሄድሁ። ሱቃቸውን ሲዘጉ አገኘኋቸው። «ዛሬ በጊዜ ነው የምዘጋው እታለም፤ ጨረቃዋ አለችብኝ» አሉ። «ነገ አይደል እንዴ?» አልኳቸው። «ምን ነገ? የእሮብ ሌሊት አላልንም? ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ የእሮብ ሌሊት ገባ እኮ!»

ለእርሳቸው ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማል። እኔ የእሮብን ሌሊት ከእሮብ ቀን በኋላ አድርጌ ሽምብራውን ሁሉ በአንድ ቀን አሳልፌ አስቀምጫለሁ። የሪናልዶ ቀን ደግሞ በእኩለ ሌሊት ይጀምራል። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቀን ይዘን አንዲት ጨረቃ ልናገኝ ተነሣን፤ ማንም ማንን አልጠየቀም።

ሮጬ ቤት ገባሁ። አባባ አልተቆጡኝም፤ የገዛ ግንባራቸውን መቱ። «ዋዜማ ስቆም የኖርኩ ሰውዬ! የነገው በዓል ዛሬ ማታ እንደሚገባ እያወቅሁ!» ከዚያ «ጋቢዬን አምጪ» አሉ።

ፈቃዱ የነገ ነው። «ይቅርብን አባባ» አልኳቸው። «ዓይኔ እስከ ሌላው ወር ይጠብቀኛል?» አሉኝ። ጋቢያቸውን አመጣሁ።

ሐጂ ሪናልዶን ጠርተው መጡ። ሪናልዶ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ ወረቀቱን አየ፣ በቋንቋው የሆነ ነገር አለ፣ ከፊት ከፊታችን መሄድ ጀመረ። ዘቡ ጋ ስንደርስ ወረቀቱን ከሩቅ አውለበለበ። ዘቡ ማኅተሙን ብቻ አይቶ፣ ቀኑን ሳያነብ አሳለፈን።

ፀሐይ ገባች። ሰማዩ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ነገር ሆነ፣ ስም የሌለው ቀለም። መጀመሪያ ያዩዋት ሐጂ ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አላሁ አክበር» አሉ። ቀጥሎ ሪናልዶ። ቀጥሎ እኔ። እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጭን ናት፤ ዓይኔን ከእርሷ ላይ ካነሣሁ የምትጠፋ መሰለኝ።

የአባባን አገጭ ይዤ ወደዚያ አዞርሁላቸው። መነጽሩን ያዙ። ቆዩ። ክንዳቸው ሲደክም እኔ ደገፍሁላቸው። «አየኋት» እንዲሉ በልቤ እለምን ነበር፤ ውሸት ቢሆን እንኳ ግድ አልነበረኝም። እስክትጠልቅ ቆሙ።

«ሦስት ሰው አየ፣ አንድ ሰው አላየም ብለሽ ጻፊ» አሉ።

«አባባ...»

«እንዲሁ ነው የሚጻፍ። ስሌቱስ ያዘ?»

«ያዘ አባባ። ማታው ዛሬ ነበር።»

«ደግ» አሉ። ስንወርድ ሁለመናቸውን ክንዴ ላይ ጣሉት። ሪናልዶ ቆቡን አውልቆ ከኋላችን መጣ። ያን ጊዜ አልጠላሁትም። ነገ እጠላዋለሁ።

ረቡዕ

አባባ አልተነሡም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። ሐጂ ቴምር ላኩ፤ አልቀመሱትም። ሽምብራዎቹን ወደ ትክክለኛ ቦታቸው መለስኳቸው። ሰፌዱን አምጪ አላሉም።

የሚያስጨንቁኝ፦ የአባባ ዓይን። የእትዬ ጥሩነሽ ምላስ። ጉና ላይ የተቆለለው ደመና።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ጉም። ትንሽ እንጀራ በሉ።

ዓርብ

ማምሻውን ላሟን አስሬ ስመለስ አባባ ደጅ ቆመዋል፤ ምርኩዝ አልያዙም። ፊታቸው ወደ ጣና ነው።

«ልጄ፣ ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው? ከወይራው በላይ ያለው?»

ሰማዩ ጠርቷል። ጨረቃ ናት፤ ጎኗ ሞላ ብሏል። አለቀስኩ። ከልቅሶዬ አወቁት።

ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ደንግጬ ያዝኳቸው፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ዛሬ ዓርብ አይደል?»

«ዓርብ ነው።»

«የድሮው ቁጥርስ ዓርብ አይደል ያለው? ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬው በስተርጅና ብሟገተው፣ የገዛ ዓይኔ ከእርሱ ጋር አበረብኝ!»

ነገ ትታያቸው እንደሆነ አላውቅም። ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ጋቢያቸውን አምጥቼ ደረብሁላቸው። ይህን የምጽፈው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው። እርሳቸው አሁንም ቆመዋል።