በፓናይቬሊ ስም ማን ይናገር?

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው የላክሁልሽን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አድለሽ ጨረስሽው? ሳሉስ ለቀቀሽ? ወንድሜ ኢላንኮ፣ ሚስቱ ቫኒታ፣ ትንሿ ካያል ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ከናፍቆትሽ በስተቀር ምንም አልጎደለብንም፤ አምላካችን ፒላያር የተመሰገነ ይሁን።

በስልክ በየቀኑ እየተነጋገርን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ምክንያት አለኝ። የማይጥምሽን ነገር በስልክ ስነግርሽ ሁልጊዜ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ መጀመሪያው ያስቅሻል።

ያለፈው እሑድ የፓናይቬሊ ተወላጆች ማኅበር ዓመታዊ ሽርሽር ነበር። እዚህ ቶሮንቶ ያሉት የታሚል የመንደር ማኅበራት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ሽርሽሩና ጠቅላላ ጉባኤው በአንድ ቀን፣ በአንድ መናፈሻ ነው። ወንዶቹ ዛፍ ሥር ወንበር ደርድረው ይሰበሰባሉ፤ እኛ ሴቶቹ ከወዲያ ማዶ የባሕር ሾርባውን እንሠራለን። አንዷ ሸርጣን ትሰብራለች፣ አንዷ ዓሣ ታጥባለች፣ አንዷ የዘንባባ ሥር ዱቄቱን ትበጠብጣለች፤ ማን እጇን ታጥባ ስብሰባ ትሄዳለች? ሾርባው ሲደርስ ስብሰባውም ያልቃል። የሸርጣኑ ሽታ አፍንጫው የገባ የራበው ሰው ደግሞ ለምንም ነገር እጁን ያወጣል። ጋሽ ሲታምፓላም ይህን ሁሉ ዘመን ሊቀ መንበር ሆነው የኖሩት በሾርባው ነው እያልን እንስቃለን። ክፉ ሰው እንዳይመስሉሽ። ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው፤ ለአዲስ መጪ ቤትም ሥራም የሚያፈላልጉት እሳቸው ናቸው። ብቻ ማይክሮፎን ከያዙ መንደሩ በሙሉ በእሳቸው አፍ የሚናገር ይመስላቸዋል።

ዘንድሮ ይዘው የመጡት ሐሳብ በመንደራችን መግቢያ ላይ ትልቅ ቅስት እንዲሠራ ነው። በግራና በቀኝ የድንጋይ ዝሆን የቆመበት፣ ከላይ የኮሚቴው አባላት ስም የተቀረጸበት። «ሕዝቡ ጠይቋል» አሉ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ጆሮዬን ጥዬ ነበርና ጣቴን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም። ሕዝቡ ማለት አንቺ አይደለሽም እንዴ? አንቺ ደግሞ ለእኔ የምትነግሪኝ ስለ ዝሆን ሳይሆን ጉድጓዱ ጨው ጨው ስላለ በዚያ ፀሐይ ውሃ ፍለጋ ስትንከራተቱ እንደምትውሉ ነው።

ሽንኩርቱን ጥዬ ሄድኩና «ጋሼ፣ የትኛው ሕዝብ ነው የጠየቀው?» አልኳቸው። «የመንደሩ ወኪላችን መምህር ናሊያ ናቸው የነገሩን፤ ካላመንሽኝ አሁኑኑ እደውላለሁ» ብለው ስልካቸውን ማይክሮፎኑ ላይ ለጠፉት። እኛ ዘንድ ረፋድ ነው፣ እናንተ ዘንድ መሽቷል። መምህር ናሊያ አነሡና ሕዝቡ ቅስቱን በጉጉት እየተጠባበቀ መሆኑን በዚያ በሚያምር አነጋገራቸው አስረዱ። ተጨበጨበ። እኔም ወደ ሽንኩርቴ ልመለስ ዞርኩ።

ይሄኔ የድስቱ አዛዥ እትዬ ማንጋይ ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች። ታስታውሻታለሽ፣ ከቤተ መቅደሱ ጎን የነበረው የልብስ ሰፊው ሚስት። «መምህር፣ እንደምን አመሹ! ያ በቤተ መቅደሱ በር ያለው የኒም ዛፍ እንዴት ነው? ናፍቆኛል» አለቻቸው። «ኧረ እሱማ ምን ይሆናል! አሁንም ከሥሩ ቁጭ ብዬ ነፋስ እየተቀበልኩ ነው የማወራሽ» አሉ።

እማዬ፣ ያ ዛፍ ባለፈው ወር በአውሎ ነፋሱ ተነቅሎ አጥሩን ይዞ መውደቁን ነግረሽኝ የለ? እኔ ደግሞ ያኔውኑ ለእትዬ ማንጋይ ነግሬያት አብረን አዝነናል። «ታዲያ በወደቀ ዛፍ ሥር እንዴት አድርገው ገቡ?» አለቻቸው። ሰዉ ሁሉ ወደ ስልኩ ተጠጋ። በዚያው ቅጽበት በስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት «አባባ፣ ሊፍቱ ዳግም ተበላሽቷል፣ ዛሬ እንዳይወርዱ» ስትል ቁልጭ ብሎ ተሰማ። ጉዱ ወጣ። ለካ መምህር ናሊያ ኮሎምቦ ልጃቸው ጋ ፎቅ ቤት ከገቡ ዓመታት አልፈዋል! ወኪል መባሉን መተው ጨነቃቸው። ጋሽ ሲታምፓላምም ስልክ በደወሉ ቁጥር የሚሰሙት የራሳቸውን ሐሳብ ስለነበር ሌላ ሰው መጠየቅ ትዝ አላላቸውም።

ሳቁን ብትሰሚ! እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ጋሽ ሲታምፓላም ላብ በላብ ሆነው «እንግዲህ ሾርባው ይቅረብና ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን» አሉ። እትዬ ማንጋይ ግን ጭልፋዋን ከጀርባዋ ደብቃ «አይቀርብም! እኛ እጅ ሳናወጣ ዛሬ አንዲት ጠብታ አይቀዳም» አለች። ባሏ እንኳ «ማንጋይዬ፣ ሞትኩልሽ፣ ርቦኛል» ብሎ ቢለምናት «ሂድ ዝሆንህን ብላ» ብላ አባረረችው። በማኅበራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንኩርት ሽንኩርት በሚሸት እጃችን ድምፅ ሰጠን። ቅስቱ ቀረ።

እኔም ልቤ አብጦ ማይክሮፎኑን ያዝኩ። የመንደሩን ችግር አውቀዋለሁ፣ መጠገን ያለበት ጉድጓዱ ነው፣ ይህን የምትለኝ እዚያው የምትኖረው እናቴ ናት አልኩ። ጭብጨባው ልክ አልነበረውም። አንቺን እያሰብኩ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ከኋላ አንድ ሰው እጁን አወጣ። ኩጋታሳን ይባላል፣ እዚህ መድኃኒት ቤት አለው፤ ከዘንባባው ጫካ ማዶ የምትኖረው የሴላማ ልጅ ነው። ይህን ያህል ዓመት እዚህ ሲኖር፣ በዘሩ ዝቅ ተደርጎ ስለሚታይ ማኅበሩ ጠርቶት አያውቅም። ዘንድሮ የመጣው ልጆቹ የአገራቸውን ሾርባ ይቅመሱ ብሎ ነው። «እህቴ፣ ጥሩ ተናገርሽ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ግን የትኛው ጉድጓድ? የእናትሽ ከሆነ፣ እናቴ እስከ ዛሬ ገመዱን ነክታው አታውቅም። ሰው ቀድቶ እስኪያፈስላት ዳር ቆማ ነው የምትጠብቀው።»

እማዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ሲታምፓላም አንድ ሰው ጠይቀው መንደሩን የወከሉ መሰላቸው፤ እኔም አንድ ሰው ጠይቄ ያንኑ አደረግኩ። ልዩነታችን የእኔዋ እውነት መንደሩ ውስጥ መሆኗ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ደስ ይላል። ኩጋታሳንና እትዬ ማንጋይ ኮሚቴ ገቡ፣ እኔንም ጨመሩኝ። ጋሽ ሲታምፓላም በሊቀ መንበርነታቸው ቆዩ፤ ሾርባውን እንደ ስኒ በታጠፈ የዘንባባ ቅጠል እየደጋገሙ ጠጥተው ተጽናኑ። «ዝሆኖቹ ትንንሽ ቢሆኑስ?» ማለታቸውን ግን አልተዉም። ከእንግዲህ በጫካው ወዲህም ወዲያም ያለው ቤት ሁሉ ሳይጠየቅ ምንም እንዳይወሰን፣ የተባለውም በስብሰባ ፊት እንዲነገር ተስማማን። ማን ይጠይቅ ሲባል «እናቴ» አልኩ። ኩጋታሳን «እናትሽ እኛ ቤት ትገባለች?» አለኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለው፣ ፊቱ ግን አልሳቀም። በሰው ሁሉ ፊት «ትገባለች» አልኩት።

ሳልጠይቅሽ በስምሽ ቃል ገባሁ፤ ብትቆጪኝ ይገባኛል። ግን ሂጂልኝ። ደጅ ቆመሽ እንዳትጣሪ፣ ገብተሽ ምንጣፏ ላይ ተቀመጪ። ሻይ ስታቀርብልሽ ጾም ላይ ነኝ እንዳትዪ፤ በእሷ ኩባያ ጠጪው። ከዚያ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው። እኔ ካልኩት ሌላ ቢሉሽ፣ ዝሆን ነው የምንፈልገው ቢሉሽም እንኳ፣ እንዳሉት አድርገሽ ላኪልኝ።

ለኢላንኮ ሰላም በዪልኝ፣ ሲጋራውን መተዉ እውነት ከሆነ በጣም ደስ ብሎኛል። ቫኒታን ግንባሯን ሳሚልኝ። ለካያል የቀለም እርሳሶቿ በመንገድ ላይ ናቸው በያት። ከአጥር ማዶ ላለችው አክስቴ ፑቫቲ ብዙ ሰላምታ አድርሺልኝ። ሰላምታ ለሴላማም አለኝ፤ እሱን ግን በሰው እንዳትልኪ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ፣
ሱኪርታ
ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ
ኦገስት 21 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.