የማሞቂያው ውሃና የአንቺ አፍንጫ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዬ ሲደርስሽ ደንግጠሽ ሰው ሞተ እንዳትዪ። ሁላችንም ደህና ነን። አባባም ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው፤ ጋራዡ በር ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ሲያዘኝ ይውላል። የምጽፍልሽ ስለምቀናብሽ ነው። በስልክ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።

ሌላ ከተማ ሥራ ይዘሽ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሆነሽ፤ ከዚህ ጋራዥ ግን አልወጣሽም። መፍቻ ሲጠፋ «እሷ ብትኖር» ነው፣ ሞተር ሲያስል «እሷ ብትኖር» ነው። አንቺን «አፍንጫዬ» ይልሻል፤ እኔ ታላቅሽ «ያ ልጅ» ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የመምህርቷ መኪና እየሞቀ አስቸገራት። ቴርሞስታቱን ቀየርኩ፣ ራዲያተሩን አጠብኩ፣ የውሃ ፓምፑንም ለወጥኩ። ውሃው ግን በየቀኑ ይጎድላል፤ መሬት ላይ አንድ ጠብታ የለም። አባባ ከወንበሩ ሳይነሳ፣

«ውሃውን ሞተሩ ነው የሚጠጣው፤ የላይ ክዳኑን፣ ቴስታውን አውርደው እንግዲህ» አለኝ። «ልጅት ብትኖር ገና በሩን ስትከፍት አሽትታ ታውቀው ነበር።»

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። አምና ከያዘኝ ክፉ ጉንፋን ወዲህ አፍንጫዬ አይሠራም። ቤንዚንና ሽንኩርት አልለይም። «መኪና መጀመሪያ ይሸተታል፣ ከዚያ ይፈታል» ለሚል አባት ይሄ እንዴት ይነገራል?

ቴስታውን ከመንካቴ በፊት ተናድጄ መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። የፊት መስታወቱ ከውስጥ ጭጋግ ለብሷል። በመዳፌ ስጠርገው ቅባት ነገር አንሸራተተኝ። ጎንበስ ብዬ በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉን ገለጥኩት፤ ርሷል፤ ጣቶቼ በራዲያተሩ ውሃ ቀለም አረንጓዴ ሆነው ወጡ። ለካ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ተበስታ ውሃውን ወደ ውስጥ ስታፈስ ከርማለች። ወደ እሷ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ውሃው እሷን ዘሎ እንዲያልፍ እርስ በርስ አገናኝቼ፣ ውሃ ሞልቼ ዳገቱን ይዤው ወጣሁ። የሙቀቱ መርፌ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ያለ አፍንጫ አገኘሁት እህቴ። መሪ ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ተመልሼ ለአባባ ነገርኩት። ፊቱ በራ።

«ደውላ ነገረችህ አይደል?» አለኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ደስ ሲለው እንዳየሁት ልነግርሽ አልችልም። «አዎ» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። እሱ ደግሞ፣ «አፍንጫዬ ከሩቅም ታሸትታለች» እያለ ለመምህርቷ፣ ለጎሚስታው፣ ላገኘው ሁሉ አወራ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይላሉ። አንቺን ማንም አልመታሽም፣ የእኔ ዓይን ግን አለቀሰ። እጄን የምታጠብ መስዬ ቧንቧው ጋ ብዙ ቆየሁ።

ትናንት አልቻልኩም፣ እውነቱን ነገርኩት። «አልደወለችም አባባ፤ ራሴ ነኝ ያገኘሁት» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የእህትህን ሥራ አትቀማ» ብሎ ተቆጣኝ።

እሁድ ደውሎ ሊያመሰግንሽ ነው። ዝም ብለሽ ምስጋናውን እንዳትቀበዪው። «እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ እሱ ነው ያገኘው» በይው። ከእኔ ሲሰማው ውሸት ነው፤ አንቺ ካልሽው ያምናል። ከሁሉ አብልጦ የሚያስቀናኝም ይሄው ነው።

የሚወድሽና የሚቀናብሽ
ታላቅ ወንድምሽ