ታንኳ የጎተተው ሞተር ጀልባ

ሐምሌ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ወንዝ ከጣና ጋር በሚገናኝበት፣ ዓሣ እንቁላል በሚጥልበት ቦታ ሞተር እንዳይገባ መሥሪያ ቤታችን ከልክሏል። ክልከላው መከበሩን ላጣራ ዛሬ ሄድሁ፤ የሄድሁት ግን በሞተር ጀልባ ነው! አያ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ታንኳቸው ላይ ሆነው፣ «ልጄ፣ የናንተን ደብዳቤ ዓሣው አያነብም፤ ሞተራችሁን ግን ይሰማል» አሉኝ። አፍሬ አጠፋሁት። መቅዘፊያ ደግሞ አልያዝሁም። ሳይስቁብኝ ገመድ ወረወሩልኝና ያንን ሁሉ ብረት በደንገል ታንኳ፣ ውኃውን እንኳ ሳያንቦጫርቁ ጎትተው አወጡት። እንዲህ ያለ ክንድ አይቼ አላውቅም።

ነገ ለጓድ ኃላፊው «አንድ ሞተር ጀልባ ተይዟል» ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ። «ማን ያዘው?» ቢሉኝ የሽማግሌውን ስም በኩራት እናገራለሁ። «የማን ነው?» ካሉኝ ግን...