ብፌ ውስጥ የገባው ማሽን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ከሰዓሊው ጋር ተጨቃጨቅን። ሰዓሊ እንኳን አይደለም፤ የማሽኑን የውጪ ገላ የሚነድፈው ሰውዬ ነው፣ እኛ ነን ሰዓሊ የምንለው። የሱ የጌም ማጫወቻ ከደብተር ትንሽ ወፈር ያለ፣ ጠርዙ የተላሰ የሚመስል... ያምራል። ማን ካደ? ግን በየት ነው የሚተነፍሰው?

«ጎኑ ላይ የአየር ቀዳዳ ጨምርልኝ» አልኩት።

«ፊቱን ፈንጣጣ ላስይዘው?»

«ከሚቃጠል ፈንጣጣ ይሻለዋል።»

«ያንቺን ሳጥን ያየ እንግዳ ደግሞ ምድጃ መስሎት ድስት ይጥድበታል።»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ አንጀቴ ግን እርር ብሏል።

የኔ ደግሞ ግራጫ ሳጥን ነው። ትልቅ ፋን፣ አናቱ በሙሉ ቀዳዳ። ሥራውን ይሠራል፣ አለቀ። የሙቀት ኢንጂነር ነኝ፤ ለዓይን አይደለም የተቀጠርኩት። አምና የሸጥነው ማሽን በየቤቱ እየጋለ ተመለሰ፣ እኛም በየስልኩ ስንሰደብ ከረምን። አለቃችን ያን አልረሳም። «ሁለቱም ይፈተናሉ። ያለፈው ይመራል፣ ሌላው ይታዘዛል» ብሏል። ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ሞልድ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።

ለዚያ ሽቅርቅር ከታዘዝኩ ሞቼ እገኛለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

አሸነፍኩ!

ሙቀት መፈተኛ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ከባዱን ጌም ጫንንባቸው። የሱ ቆንጆ ብዙም ሳይቆይ ጋለ፣ እጅ አያስነካም። የኔ ሳጥን ምንም አልመሰለው። ከዚያ ጉራዬን ልንፋ ብዬ የራሴን ፋን ነቅዬ አሳየኋቸው። ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ድርግም! መብራት የለ፣ ድምፅ የለ፣ ጽሑፍ የለ።

«ምነው ምንም አይናገርም?» አለ ሰዓሊው።

«ምን ይናገር? ራሱን አዳነ አይደል እንዴ!»

አለቃ አጨበጨበ። ሰዓሊው እርሳሶቹን ሰብስቦ ወጣ። አሳዘነኝ... ትንሽ። ትንሽ ብቻ።

ናሙናዎቹ ጥቂት ሳምንት በየቤታችን ይሞከራሉ፤ ከዚያ ሞልዱ ይቆረጣል። የኔን ድርሻ እህቴ እትዬ ቤት እወስደዋለሁ። ለጋሼ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

እህቴ ቤት ዋልኩ። ጋሼ፣ የእትዬ ባል፣ ዕድሜውን ሙሉ ባለተሳቢ መኪና የነዳ ሰው ነው። አምና ስትሮክ መታው። አሁን በመራመጃ ብረት ይሄዳል። ግራ እጁ ግን አልታዘዝ ብሎታል። ፊዚዮቴራፒስቷ ካላሠራው እንደዚሁ ይቀራል ብላለች። የላስቲክ ኳስ ጭመቅ ሲሉት «ልጅ ነኝ እንዴ?» ብሎ ወረወረው አሉ።

እና የመኪና ጌም ጫንኩለት። የጭነት መኪና፣ ተራራማ መንገድ፣ ፍሬኑ በግራ ጣት። መጀመሪያ ገደል ገባ። ደግሞ ገደል። ከዚያ ሾፌሩ ተነሣበት። «ወግድ አንተ! በዚህ ኩርባ ላይ ይቀደማል? ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጠህ?» ቴሌቪዥኑን ይሰድባል! እትዬ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ስትስቅ አየኋት። ዓይኗን በእጅጌዋ ስትጠርግም አየኋት።

ስወጣ ሳጥኑን ቅር እያላት እያየች፣ «ይሄን ነገር የት ነው የማኖረው?» አለችኝ።

«የትም ይሁን፣ ጠንካራ ነው» አልኳት። ቸኩዬ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

እትዬ ደወለች። ጋሼ ገና ፊቱን ሳይታጠብ ጆይስቲኩን ይጠይቃል አሉ። ትናንት ደግሞ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ቆለፈ። በግራ እጁ! ሦስቱን፣ አንዱ ተዛንፎ። እሷም ዝም ብላ ተዛንፎ እንዲውል ተወችው። እሰይ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ደወልኩ። «ደህና ነው» አለች እትዬ። ይጫወታል ወይ? «...ደህና ነው አልኩሽ እኮ።» እሷ እንዲህ አሳጥራ አታወራም። ነገር አለ። ነገ ሄጄ አያለሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ምን ብዬ ልጻፈው?

ጋሼ መስኮት ዳር ተቀምጧል። ግራ እጁ ብርድ ልብስ ስር ነው።

«ጌሙስ፣ ጋሼ?»

«ሰለቸኝ።»

«አንተ? ሰለቸህ?»

«የልጅ ነገር ነው፣ ተይኝ ባክሽ።»

ሳሎኑን ቃኘሁ፤ ሳጥኔ የለም። እትዬን ተከትዬ ወጥ ቤት ገባሁ። በሹክሹክታ ነገረችኝ። አንድ ቀን ከወትሮው ረዘም አድርጎ ሲጫወት፣ ቁልቁለት እየወረደ ሳለ ድርግም አለበት። ቆይቶ አበራው፤ ደግሞ ድርግም። በማግስቱም እንደዚያው። «ፍሬን ስይዝ ነው የሚጠፋው። ይሄ እጄ ነው የማይነካ ነገር የሚነካው» አለ። ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ከዚያ ወዲያ አልነካውም። ሸሚዙንም መልሳ እሷ ነች የምትቆልፍለት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምሎኝ ነዋ! ዕቃዋን አበላሸሁባት እያለ እንቅልፍ አጥቶ...»

ያ ድርግም ማለቱ እኮ የኔ ኩራት ነበር። የተጨበጨበልኝ በሱ ነው።

ማሽኑ የት ነው? ብፌው ውስጥ። ታችኛው ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ፣ ላዩ ላይ የታጠፈ የጠረጴዛ ልብስ ተደርቦበት። ገመዱን በኋላ በኩል አሹልካዋለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ነው!

«እትዬ! ይሄ እኮ ታፍኖ ነው!»

ቱግ አለች። «ታዲያ የት ላድርገው? መራመጃውን እይው። የመታጠቢያ ወንበሩን እይው። የግፊት መለኪያውን እይው። ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም የብረትና የፕላስቲክ ክምር! ‹ደግሞ አንድ የሆስፒታል ዕቃ መጣ፣ ከዓይኔ አርቂልኝ› ያለኝ እሱ ራሱ ነው። አንድ ክፍል እንኳን ቤት ይምሰልለት እንጂ!»

ሳሎን ተመልሼ ጋሼ እግር ሥር ተቀመጥኩ። እጅህ አይደለም፣ ማሽኑ ግሎ ራሱን አጥፍቶ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አልወደድኩትም።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አለኝ። «ግን አታባብይኝ።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሞልዱ ዓርብ ይቆረጣል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። የሌሎቹ ናሙናዎች ምንም አልሆኑም። እንዴት ይሁኑ? ሁሉም ያሉት ኢንጂነር ቤት ነው! ሁላችንም ገላጣ ጠረጴዛ ላይ፣ ግድግዳ ሳናስጠጋ፣ እንደ ሕፃን እያናፈስነው... ብፌ ያለው ሰው ከመካከላችን የለም እንዴ? ሲያስቅ። ሲያሳፍርም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰዓሊውን ፈለግኩት። ነገርኩት። በደስታ ሲፈነድቅ ልይ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር የጠበቅኩት።

«ሰውየው ምን አለ? ቃል በቃል ንገሪኝ» አለ።

«የሆስፒታል ዕቃ።»

«የኔ ቢሆን ሳሎን መሐል ያስቀምጡት ነበር» አለ። «እዚያው መሐል ደግሞ ይጋል ነበር። እኩል ነን።»

አልጠበቅኩትም። አንጀቴን በላው። በሱ ቦታ ብሆን እንዲህ እል ነበር? እንጃ።

ጋሼ ቃል አያምንም አልኩት። በዓይኑ ማየት አለበት። «እኔም ልምጣ» አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ሄድን። ማሽኑን ብፌው ውስጥ እንደነበረ መልሼ ከተትኩት። የጠረጴዛ ልብሱን አለበስኩት፤ በሩን ዘጋሁ። መኪናው ራሱን የሚነዳበትን ማሳያ ከፈትኩ። ጆይስቲኩ ጠረጴዛው መሐል፣ ማንም በማይደርስበት።

«እጅ ሁሉ ጉልበት ላይ!» አልኩ።

«ምንድነው፣ ፎቶ ልንነሳ ነው?» አለ ጋሼ።

አራታችን እንደ ተማሪ ተደርድረን ተቀመጥን። ጋሼም ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ስር በቀኙ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት። መኪናው ብቻውን ይሄዳል፤ እኛ እናያለን። ሰዓሊው ጋቢና ውስጥ ምን ምን ነበረህ ብሎ ጠየቀው። ጋሼ ማውራት ጀመረ። ስለ ዳሽቦርዱ፣ ስለ መሪው ልብስ፣ እትዬ ስለሰፋችለት ቀይ መጋረጃ። «መኪና እኮ ቤት ነው። ካላማረ እንዴት ትውልበታለህ?» ሰዓሊው አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል። እኔ ብፌውን አያለሁ። ባይጠፋስ? ዛሬ ደግሞ አልግልም ቢልስ?

ድርግም።

«ማን ነካው?» አለ ጋሼ።

«ማንም» አለች እትዬ።

እጁን አያት። ጉልበቱ ላይ እንዳለች ነው። እንደገና ቴሌቪዥኑን አየ። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። እጆቻችን ሁሉ ጉልበታችን ላይ። ደግሞ ድርግም አለ።

ግራ እጁን በቀኙ አንሥቶ ደረቱ ላይ አደረጋት፣ ያዛት።

«በከንቱ ነው የታማችው» አለ።

ዕንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም። ይቅርታ ጋሼ አልኩት። «አንቺማ ቆይ፣ ካንቺ ጋር ሒሳብ አለን» ብሎ ጣቱን ቀሰረብኝ። እትዬ ብቻ ናት የሳቀችው። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ሞልዱ ይቁም አልኩ። አለቃ ደሙ ፈላ።

«አሸንፈሽ የለ እንዴ?»

«ጠረጴዛ ላይ ነው ያሸነፍኩት። ሰው ቤት ተሸንፌያለሁ።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ድርግም ሲል ማጨብጨቡንም። አስቀያሚ ዕቃ ይደበቃል፤ የተደበቀ ይታፈናል። ፋን ብጨምርበት ምን ዋጋ አለው? መልኩም የአየር መንገዱ አካል ነው አልኩት። ይሄን ከኔ አፍ መስማቱ ራሱ ገርሞታል መሰለኝ። ጮኸ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ጮኸ። በመጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሰጠን። ካልሆነ ሁለታችሁም ሌላ ሥራ ፈልጉ አለ።

«ማን ይመራል?» አለ።

«እሱ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ሞቼ አልተገኘሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሰዓሊው ያሳብዳል! ከስር አየር ስቦ በአናቱ የሚያስወጣ፣ ቆሞ የሚቀመጥ ማሽን ነው የምንሠራው። የአናቱን ቀዳዳዎች እንደ ጥልፍ ደርድሯቸዋል። ጥልፉ እንዲያምርለት ጠባብ አደረጋቸው፤ አየሬን በላብኝ። አስፋልኝ፣ አላሰፋም፣ አስፋልኝ... በመጨረሻ ጥልፉን አሳደገው። አሁን ያምራልም፣ ይተነፍሳልም። እንዴት ብዬ ልንገረው? አልነግረውም፣ ይኮራል።

ደግሞ ከመጥፋቱ በፊት ስክሪኑ ላይ ይጽፋል። እኔ «ሙቀት በዝቷል» በቂ ነው ብዬ ነበር። እሱ «ጋልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ትንሽ ልረፍ» ይበል አለ። ማሽን እንዲህ ይላል እንዴ? ተከራከርኩ። ከዚያ ጋሼ ትዝ አለኝ፤ ይበል አልኩ።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 19

አለቃ ተቀበለን። የመጀመሪያውን ናሙና ለጋሼ ወሰድንለት። እትዬ የአበባ ማስቀመጫዋን አንሥታ ማሽኑን ብፌው አናት ላይ አቆመችው፣ ከመስኮቱ ትይዩ። ራቅ ብላ አየችው። አልደበቀችውም!

ጋሼ ገና አልተማመነም። በቀኙ ብቻ ነው የያዘው፤ ግራው ሥር ሥሩን ይከተላል። እሱን አላስቸግርም። የኔ ሥራ እስከዚህ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

አመሻሽ ላይ ጋሼ ደወለ። ራሱ! ከታመመ ወዲህ ስልክ መደወል የእትዬ ሥራ ነው።

«ጠፋ» አለኝ።

ጽሑፉስ? ፋኑስ? የትኛውን ረሳን? «ጋሼ... ምን እያደረግክ ነበር?»

«ቁልቁለት ላይ ነበርኩ። ፍሬን ይዤ፣ አንደኛ ልወጣ ስል፣ ጭልም!»

«ምንም አልጻፈም? ጋልኩ አላለም?»

«በምን ይጽፋል? መብራት ሄዶ! ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ይንጫጫል። በይ እነዚህን የመብራት ኃይል ሰዎች ደውለሽ ስደቢልኝ፣ አንቺ አፍ አለሽ።»

ከኋላ እትዬ ሻማ ፍለጋ ዕቃ ስትጥል ይሰማኛል። መጠየቅ አልነበረብኝም፣ አላስቻለኝም።

«እጅህስ፣ ጋሼ?»

«እጄ ምን አደረገሽ?» አለኝ።